ከጥያቄ የሚነሣ ትምህርት፦ ፕሮጀክት ተኮር ማስተማር በሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕሮጀክት» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። የታሪክ፣ የጂኦግራፊ ወይም የዜግነት ትምህርት መምህር በሴሚስተሩ መጨረሻ ርእስ ይሰጣል፤ ተማሪዎች በቡድን ይመደባሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ትጉህ ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት ይገለብጣል፤ የተቀሩት ስማቸውን በሽፋኑ ላይ ያሰፍራሉ፤ ሁሉም እኩል ማርክ ያገኛሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በዚህ ዓይነቱ ቡድን ግን ሸክሙ ለአንዱ፣ ጌጡ ለቀሩት ሆኖ ይከፋፈላል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ከዚህ ልማድ በምን እንደሚለይ ማመልከት፣ ልዩነቱን በአንድ የትምህርት ንድፍ ማብራራትና መምህራን ከብሔራዊ ፈተና አንጻር ለሚያነሡት ሥጋት ምላሽ መጠቆም ነው።

የዘዴው ምንነት

ሐሳቡ ረጅም ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊልያም ኪልፓትሪክ የጆን ዱዊን አስተሳሰብ መሠረት አድርጎ «የፕሮጀክት ዘዴ» የተሰኘውን ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1918 ነበር። የዘዴው እምብርት ተማሪው ከልቡ ተቀብሎት የሚያከናውነው ዓላማ ያለው ሥራ ራሱ መማሪያ ነው የሚል ነው። እንግዲህ ዋናው ልዩነት በቅደም ተከተሉ ላይ ይገኛል። በተለመደው አሠራር ይዘቱ አስቀድሞ ይሰጣል፣ ፕሮጀክቱም በመጨረሻ ይለጠፋል፤ በፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ግን ጥያቄው ይቀድማል፣ ይዘቱም ለጥያቄው መልስ ሲያስፈልግ ይጠራል።

ለማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት የሚመጥን ፕሮጀክት ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ጥያቄው ከመጽሐፍ በቀጥታ ተገልብጦ የማይመለስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ተማሪው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ማስረጃዎችን እንዲያመዛዝን ማስገደድ አለበት። ሦስተኛ፣ ሥራው በቡድን ቢሠራም እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው የሚጠየቅበት ክፍል ሊኖረው ይገባል።

የትምህርት ንድፍ፦ ድሬዳዋና ባቡሩ

ለማሳያ ያህል በድሬዳዋ ለሚገኝ የ10ኛ ክፍል የስድስት ሳምንት ፕሮጀክት እንውሰድ። መነሻ ጥያቄው «ባቡር የቆረቆራት ከተማ ባቡሩ ሲርቃት በምን ትኖራለች?» የሚል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎች ከተማቸው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረች ይመረምራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። መሥመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሥፍራ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐረርን የመሰለች ጥንታዊ የንግድ ከተማ በቅርብ ርቀት ላይ እያለች ሐዲዱ ለምን አልፏት ሄደ? ተማሪዎች ካርታ ዘርግተው ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚገኙ ሲያነጻጽሩ ከመልሱ ዋና ክፍል ይደርሳሉ፤ ተራራው ለሐዲድ ሥራ አስቸጋሪና ውድ ነበር። እዚህ ላይ የመሬት አቀማመጥ ትምህርት የሚሸመደድ ፍቺ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ከተማ ልደት ምክንያት ይሆናል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎች የምድር ባቡር ጡረተኞችን፣ የመጋላ ነጋዴዎችንና የከዚራ ነባር ነዋሪዎችን ያነጋግራሉ። አስቀድመው ፈቃድ መጠየቅን፣ ታላላቆችን በአክብሮት ማናገርንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መመዝገብን በክፍል ውስጥ ይለማመዳሉ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከመሃል ከተማው ራቅ ብሎ ተሠርቷል። ለውጡን ጡረተኛው እንደ ጉዳት፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ እንደ ዕድል ሊተርኩት ይችላሉ። የተማሪው ተግባር አንዱን እውነተኛ ሌላውን ሐሰተኛ ብሎ መፈረጅ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተናጋሪ ከየት ሆኖ እንደሚያይ መረዳትና ቃሉን ከዓመተ ምሕረቶችና ከሰነዶች ጋር ማመሳከር ነው።

በአራተኛው ሳምንት ቡድኖቹ የገበያ ቅኝት ያደርጋሉ፤ ዕቃው ከየት እንደመጣና በምን እንደተጓጓዘ በሠንጠረዥ ያሰፍራሉ። አምስተኛው ሳምንት የጽሑፍ፣ ስድስተኛው ደግሞ ወላጆችና ቃለ መጠይቅ የሰጡ ሰዎች በተገኙበት የማቅረቢያ ሳምንት ይሆናል። ተናጋሪዎቹ ቃላቸው ተዛብቶ ከሆነ እዚያው ያርማሉ።

የቡድን አመዳደቡም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት ከተማ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሲሠሩ አንዱ ያለ ሌላው ማስረጃ ማሰባሰብ አይችልም። ያለፈው ታሪክ አብዝቶ በሚያከራክርበት በዚህ ዘመን ተማሪው ከእርሱ የተለየ ትውስታ ያለውን ሰው እስከ መጨረሻው ማዳመጥን መልመዱ ከዘዴው ፍሬዎች ሁሉ ሊልቅ ይችላል።

ምዘና

የመገልበጥን ልማድ የሚሰብረው ምዘናው ነው። ከ40 ማርክ ውስጥ 15ቱን ለቡድኑ የጋራ ሥራ፣ 25ቱን ለግል ሥራ መመደብ ይቻላል፤ ይኸውም ለቃለ መጠይቅ መዝገብ 5፣ በግል ለተጻፈ የመከራከሪያ ጽሑፍ 10፣ ለቃል ጥያቄና መልስ 10 ይሆናል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ ሁሉንም በአንድ ቀን መጠየቅ ስለማይችል፣ ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በየክፍለ ጊዜው ጥቂት ተማሪዎችን ለአጭር ጊዜ ቢጠይቅ ሥራው ይቀልለታል።

የፈተናው ሥጋት

«ይህን ሁሉ ስሠራ መጽሐፉን መቼ እጨርሳለሁ?» የሚለው የመምህራን ጥያቄ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ ውጤት የተገኘው ገለጻና ሽምደዳ በሰፈነበት የማስተማር ልማድ ውስጥ መሆኑም አብሮ መጤን አለበት።

በአሜሪካ በአምስት የትምህርት ወረዳዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት የመንግሥት ሥርዓትንና የአካባቢ ሳይንስን በፕሮጀክት የተማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በተለመደው ዘዴ ከተማሩት ጋር አነጻጽሯል። በአገር አቀፉ ፈተና የማለፊያ ውጤት ያገኙት የፕሮጀክት ተማሪዎች ድርሻ ከሌሎቹ በ8 መቶኛ ነጥብ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ነገር ግን መምህራኑ ሥልጠናና ተከታታይ ድጋፍ አግኝተው ነበር፤ ፈተናውም ከምርጫ በተጨማሪ የጽሑፍ መልስ የሚጠይቅ ነው። ስለሆነም ውጤቱ ለእኛ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይሆንም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ፕሮጀክቱ ከመርሐ ትምህርቱ ውጭ የሚጨመር ሳይሆን የመርሐ ትምህርቱን ምዕራፎች ተክቶ የሚያስተምር መሆን እንዳለበት ነው። ከላይ የቀረበው ንድፍም የመሬት አቀማመጥን፣ የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን፣ ንግድንና የዜግነት ተሳትፎን በአንድ ጥያቄ ሥር ያስተሳስራል።

ማጠቃለያ

ፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ እርሳስና በእግር የሚደረስበት ሠፈር ይበቁታል። የሚጠይቀው መምህሩ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ጥያቄውን እንዲያበስል ነው። በመሆኑም ዘዴውን መሞከር የሚሹ መምህራን በዓመት አንድ ፕሮጀክት ብቻ መርጠው፣ ከሌላ የትምህርት ዓይነት መምህር ጋር በመጣመር ቢጀምሩ ይመከራል። ተማሪው የራሱን ከተማ ታሪክ ጠይቆና መዝኖ በራሱ ቃል መጻፍ ከቻለ፣ የሌላውንም ታሪክ የሚመረምርበትን መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።