በአለቃ ዘንድ ሞገስ የሚፈለግበት መንገድ በየአገሩ ልዩ ስለ መሆኑ

ከአለቃ በታች የሚሠራ ሰው ሁሉ አለቃው ቃሉን እንዲሰማለት ይፈልጋል። ፍላጎቱ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ባንዱ አገር ጨዋነት የተባለው በሌላው አገር ነውር ይሆናል።

በአገራችን የቀድሞው መንገድ ደጅ ጥናት ነበረ። ሹመት ወይም ጉልት የሚሻ ሰው በጌታው ደጅ ብዙ ወራት ይመላለስ ነበር፤ ሲገባም እጅ መንሻ ይዞ ይገባ ነበር፤ ባዶ እጅን ወደ ታላቅ ሰው መቅረብ እንደ ንቀት ይቈጠር ነበርና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ደመወዝ ተዛወረ፤ ልማዱ ግን ከሥራው ጋራ አብሮ ገባ።

በቆቦና በራያ ቆላ ደግሞ ሽማግሌ መላክ የተከበረ ነው። ደም የተቃባ እንኳ በሽማግሎች ሲታረቅ የኖረበት አገር ስለ ሆነ፥ ሠራተኛ አለቃው ቢቈጣው ሽማግሌ መላኩን ማንም አይነቅፍበትም።

ወደ ሌሎች አገሮች ስንመለከት፥ ጃፓናዊ ሠራተኛ አዲስ አሳብ ሲኖረው፥ ጉባኤ ሳይደረግ አስቀድሞ የሚመለከታቸውን ሁሉ አንድ ባንድ ያነጋግራል። ይህን «ነማዋሺ» ይሉታል፤ ዛፍ ነቅሎ ለመትከል አስቀድሞ ሥሩን ዙሪያውን መኰትኰት ማለት ነው። ቻይኖች «ጓንሺ» በሚሉት ዝምድና ስጦታና ውለታ መለዋወጥ ወዳጅነትን ያጸናል። ዓረቦች በአማላጅ ጉዳይ ማስፈጸምን «ዋስጣ» ይሉታል፤ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሻገሩ የራያ ልጆችም ሊያገኙት የሚችሉት ልማድ ነው። በአሜሪካ ግን አሳቡን በማስረጃ አስደግፎ በግልጥ የሚናገር ይመሰገናል፤ ስጦታ ያስጠረጥራል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. የወጣ ሕጋቸውም ኩባንያዎች ለባዕድ አገር ሹማምንት ጉቦ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ነገር ግን ያው ግልጥ ንግግር በእኛ ዘንድ በሰው ፊት ቢደረግ ድፍረት ይባላል።

እንግዲህ ሁሉም እንደ አገሩ ነው ብለን እንተወውን? እኔ በወጣትነቴ በአንድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ተቀባይ ሳለሁ፥ አንድ ባለጉዳይ አንድ ገንቦ ማር አመጣልኝ። ጉቦ አላልሁትም፤ አክብሮት አልሁት፤ ማመልከቻውንም ከሁሉ በላይ አኖርሁለት። ከሥር የቀረው አስቀድሞ የገባው የአንዲት ባልቴት ማመልከቻ ነበረ። ሦስት ጊዜ ከሩቅ በእግርዋ ተመላለሰች። በመጨረሻው ቀን ስለ ምን እንደ ዘገየባት አልጠየቀችኝም፤ ባዶ እጅዋን ስለ መጣች ይቅርታ ለመነችኝ። ያን ጊዜ ማሩ ምን እንደ ነበረ ዐወቅሁ።

ስለዚህ ልማዱ ቢለያይም መለኪያው ሁለት ነው። አንደኛ፥ ያደረግነው ነገር በጉባኤ ፊት ቢነገር ያሳፍረናልን? ሁለተኛ፥ የሌላውን ተራ ይወስዳልን? መምህር አጥፍቶ ምሕረት ለመለመን ሽማግሌ ቢልክ የማንንም አይወስድም፤ ከሩቅ ትምህርት ቤት ለመዛወር ሽማግሌ ልኮ ተራው የደረሰውን ባልንጀራውን ቢያስቀር ግን ወስዷል። የተላኩትም ሽማግሎች ከበደሉ ተካፋዮች ናቸው።

ጥያቄ።
1ኛ፤ እጅ መንሻና ጉቦ በምን ይለያያሉ?
2ኛ፤ ሽማግሌ አልላክም ማለት የሚገባው መቼ ነው?
3ኛ፤ ባልቴቲቱ ይቅርታ የለመነችው ስለ ምንድር ነው? ይቅርታ መለመን የሚገባውስ ማን ነበረ?