የአረሙ ካርታ ወይስ የጎዳናው? የቅንጬ አረምን መስፋፋት በሀብሩ ስለመተንበይ

ቅንጬ አረም (ፓርቴኒየም) የትውልድ ሥፍራው ሞቃታማው አሜሪካ ነው። ወደ ወሎ የገባው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከውጭ ከመጣ የእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ ይታመናል። አንድ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተካሄደ የመስክ ሙከራም አረሙ ሳይነቀል የተተወበት ማሽላ ከ40 እስከ 97 በመቶ ምርቱን አጥቷል። ማሽላ ለሚያመርተው የሀብሩ ገበሬ አረሙ ቀጥሎ የሚደርስበት ቀበሌ አስቀድሞ መታወቁ የኑሮ ጉዳይ ነው። ለዚህ ሥራ በተመራቂ ተማሪዎች ዘንድ የሚዘወተረው ማክስኤንት የተባለው የስርጭት ሞዴል ነው።

ማክስኤንት ዝርያው የተገኘባቸውን ሥፍራዎች የአየር ጠባይ ከጥናቱ ክልል ከተወሰዱ የማነጻጸሪያ ነጥቦች ጋር ያስተያያል። ችግሩ የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። መረጃ ሰብሳቢው ከውርጌሳ በመርሳ አልፎ ወልድያ በሚደርሰው አውራ ጎዳና እየተጓዘ፣ መኪናው በቆመበት ሁሉ ነጥብ ይመዘግባል፤ የማነጻጸሪያ ነጥቦቹ ግን ከመላው ወረዳ፣ ማንም ካልረገጠው ገደል ጭምር፣ በዕጣ ይወሰዳሉ። ሞዴሉም አረሙ የሚስማማውን ሳይሆን ጎዳናው የሚያልፍበትን ከፍታና ሙቀት ይማራል። ነጥቦቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ መፈተን ስሕተቱን አያጋልጥም፤ መማሪያውም መፈተኛውም የአንድ ጎዳና ዳር ጎረቤታሞች ናቸውና። ከ0.9 የሚበልጥ የመለየት ብቃት ውጤት ያለ አግባብ የሚያስደስተን ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ወራሪ ዝርያ ገና መንገደኛ ነው፤ ዛሬ አለመታየቱ ሥፍራው አይስማማውም ማለት አይደለም። የባሕር ተመራማሪዎችም ይህን ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሞዴል ጥናት የአንበሳ ዓሣ በሜዲትራኒያን ባሕር የመስፋፋቱ ዕድል አነስተኛ ነው ብሎ ነበር፤ በ2016 ግን በቆጵሮስ ዳርቻ መስፋፋቱ ተዘገበ።

ስለዚህ በሀብሩ የመስክ ሥራው ጎዳናውን አቋርጦ በእግር መሄድ ይኖርበታል፤ አረሙ የታጣበትም ሥፍራ ይመዝገብ። የማነጻጸሪያ ነጥቦቹ በእርግጥ ከተጎበኙ ሥፍራዎች ይወሰዱ፤ ፈተናውም በአንዱ ቀበሌ ተምሮ በሌላው የሚተነብይ ይሁን። አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአየር ጠባይ መረጃም ለሀብሩ ምዕራባዊ ተዳፋት ሻካራ ነው፤ በዚያች አንዲት ካሬ ውስጥ ቆላና ወይናደጋ ሊገናኙ ይችላሉ። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ግን ለወንዝ ዳሮች ነው። ዘሩን ጎርፍ ወደ አፋር ሜዳ ይዞት ይወርዳል፤ በዚያ በኩል መኪና ስለማይሄድ በአብዛኛው ካርታዎቻችን ላይ አንድም ነጥብ የለም።