«ሆሞጂኒየስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገራችን አንድ ተማሪ «ሆሞጂኒየስ» የሚለውን ቅጽል በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በሒሳብ መማሪያዎች ውስጥ ደጋግሞ ያገኘዋል። ትርጉሙን ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ «አንድ ዓይነት» ብሎ ያልፋል። መልሱ ስሕተት ነው ባይባልም በቂ አይደለም፤ እንግሊዝኛው በተለያዩ ቃላት የሚለያቸውን ሐሳቦች ሁሉ በአንድ ከረጢት ውስጥ ይከታቸዋልና።

ቃሉ መነሻው ግሪክኛ ነው። «ሆሞስ» አንድ የሆነ፣ «ጌኖስ» ደግሞ ዘር ወይም ወገን ማለት ሲሆን፣ ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ላቲን በኩል አልፎ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ መሠራት ጀመረ። ተቃራኒው «ሄትሮጂኒየስ» ነው። በንግግር «ሆሞጂነስ» የሚል አጠር ያለ ቅርጽም ይሰማል። ይህ አጭሩ ቅርጽ በሥነ ሕይወት የራሱ ታሪክ ነበረው፤ ከአንድ ቅድመ አያት በመወረሳቸው የተመሳሰሉ የአካል ክፍሎችን ያመለክት ነበር፤ ለዚያ ዛሬ የተለመደው ቃል «ሆሞሎገስ» ነው። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ረጅሙን ቅርጽ መያዝ ይመረጣል።

የቅርብ ተመሳሳዩ «ዩኒፎርም» ነው። ይህን ቃል ሁላችንም በልብስነቱ እናውቀዋለን፤ ልዩነቱንም ለማስረዳት ራሱ ልብሱ ይበቃል። በሰልፍ የቆሙ ተማሪዎች በአንድ ጠባይ፣ በልብሳቸው፣ ዩኒፎርም ናቸው። በዕድሜ፣ በቁመትና በዕውቀት ግን ይለያያሉ፤ ስለዚህ ቡድኑ ሆሞጂኒየስ ነው አይባልም። በፊዚክስም እንዲሁ ነው። ፍጥነት፣ ሙቀት ወይም እፍጋት የመሰለ አንድ መጠን ከቦታ ቦታ ወይም ከጊዜ ወደ ጊዜ ሳይለዋወጥ ሲቀር «ዩኒፎርም» እንላለን፤ የአንድ ቁስ ጥንቅር ከየትኛውም ክፍሉ ቢቀነስ አንድ ሆኖ ሲገኝ «ሆሞጂኒየስ» እንላለን። ድንበሩ ሁልጊዜ ጥብቅ ባይሆንም ይህን መለያ የያዘ አንባቢ ብዙም አይሳሳትም።

ከ«አይሶትሮፒክ» ጋር መምታታትም የተለመደ ነው። አይሶትሮፒክ ማለት በየአቅጣጫው አንድ የሆነ ማለት ነው። በየነጥቡ እኩል የሆነ መግነጢሳዊ መስክ ሆሞጂኒየስ ነው፤ ኮምፓስ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያመለክት አይሶትሮፒክ አይደለም። በተቃራኒው አንዲት ትንሽ አምፖል በሁሉም አቅጣጫ እኩል ታበራለች፤ ሆኖም ብርሃኗ በርቀት እየደከመ ስለሚሄድ በዙሪያዋ ያለው ብርሃን ሆሞጂኒየስ አይደለም።

በሒሳብ ቃሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ሀ² + 3ሀለ + ለ² የሚለው አገላለጽ ሆሞጂኒየስ የሚባለው የእያንዳንዱ አባል ዲግሪ 2 ስለሆነ ነው፤ ሀ እና ለ እጥፍ ቢሆኑ ጠቅላላው አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጥታዊ እኩልዮሽ ደግሞ ያልታወቀውን የማይነካ አባል ሳይኖረው ሲቀር ይህንኑ ስም ያገኛል። ሁለቱ አጠቃቀሞች ተማሪን ያደናግራሉ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ አባላቱ የአንድ ዲግሪ ወገን ናቸው፤ የሚለያየው ዲግሪው የሚቆጠረው በምን ላይ እንደሆነ ብቻ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ የሚያቀርበው ጥሩ ቃል «ወጥ» ነው። ይሁን እንጂ ወጥ ስንል በአብዛኛው ያልተቀጠለ፣ ያልተገጣጠመ ማለታችን ነው፤ ትርጉም ያልሆነውንም ድርሰት ወጥ ድርሰት እንላለን። የአክሱም ሐውልቶች ከወጥ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ድንጋዩ ግን ኔፌሊን ሳየናይት የተባለ ዓለት ሲሆን፣ ቀረብ ብሎ ለሚያየው የፌልድስፓር፣ የኔፌሊንና የጠቆሩ ማዕድናት ቅንጣቶች የተሰባጠሩበት ነው። ወጥ ነው፤ ሆሞጂኒየስ ግን አይደለም። ስለዚህ በትርጉም ሥራ «ጥንቅሩ ወጥ የሆነ» ብሎ ማብራራት ይሻላል።

ሐውልቱን ሆሞጂኒየስ ነው ወይም አይደለም የሚያሰኘው የምናይበት መጠን ጭምር ነው። ከሩቅ አንድ ነው፤ በማጉያ ብዙ ነው። ወተትም ለዓይን አንድ ነጭ ፈሳሽ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ግን በውሃ ውስጥ የተበተኑ የስብ ጠብታዎች ይታያሉ። ፈረንሳዊው ኦጉስት ጎለን እ.ኤ.አ. በ1899 የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ ወተቱን በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ጠብታዎቹን ያደቅቃል፤ የደቀቁት ጠብታዎችም በቀላሉ ተንሳፈው እርጎት አይሠሩም። በማሸጊያ ላይ «ሆሞጂናይዝድ» የሚለው ጽሑፍ ይህን ይገልጻል እንጂ ወተቱ እንደ ጨው ውሃ እውነተኛ ሟሟት ሆነ ማለት አይደለም።

ቃሉ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታም አለ። በውሃ ተበጥብጦ ለሕፃናት የሚሰጥ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በአብዛኛው ዱቄቱ በፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፈበት ድብልቅ ነው። ሳይነቀነቅ ከተቀዳ የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች የሳሱ፣ የመጨረሻዎቹ የበረቱ ይሆናሉ። ማንኪያው አንድ፣ መጠኑ ግን የተለያየ ነው።

ከዚህም የሚከፋው አፍላቶክሲን ነው። ይህ ጉበትን ለካንሰር የሚዳርግ የሻጋታ መርዝ በበቆሎና በለውዝ ክምችት ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ በጥቂት ፍሬዎች ላይ በርትቶ ይገኛል፣ ሌሎቹ ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአንድ ጆንያ አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ የመረመረ ሰው ክምችቱን ሆሞጂኒየስ አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው፤ ሚዛኑ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ውጤቱ ስለ እፍኙ እንጂ ስለ ክምችቱ አይናገርም። ለዚህም ነው ናሙና ከብዙ ቦታ፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ተወስዶ በአንድነት የሚፈጨውና በሚገባ የሚደባለቀው፤ ለምርመራ የሚሆነው ጥቂት ግራም የሚቀነሰውም ከዚያ በኋላ ነው።