መንጋጋ አልከፈት ሲል

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጣ አንድ ገበሬ «አፌ አልከፈት አለኝ» ቢል፥ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ ጥርሱ ሳይሆን ስለ እግሩ ነው፤ ይኸውም በቅርብ ሳምንታት እሾህ ወግቶት ወይም መጥረቢያ ቆርጦት እንደ ሆነ ነው። መንጋጋ ቆልፍ የተባለው በሽታ በቁስል በኩል ይገባል፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ከመንጋጋ ይጀምራል። ቁስሉ የዳነ መምሰሉ ሊያዘናጋ አይገባም። አንገቱ የደረቀ፥ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እርሱን እያሹ ማቆየት ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ትኩሳትና የፊት እብጠት ያለበትም እንዲሁ ለሐኪም ይታይ።

የአንጓው ምርመራ የሚጀመረው ይህ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አንባቢያችን የጣቱን ጫፍ ከጆሮው ፊት አኑሮ አፉን ቢከፍትና ቢዘጋ አንጓው ሲንሸራተት ይታወቀዋል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ትራስ የመሰለ ቀጭን ንጣፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ቀጭ» የሚያሰኘው የእርሱ ከቦታው ፈቀቅ ማለት ነው። ድምፁ ብቻውን፥ ሕመምና መቆለፍ ከሌለበት፥ ሕክምና አያሻውም።

ጤነኛ ጎልማሳ የራሱን 3 ጣቶች ደራርቦ በላይና በታች የፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል፤ በማስመሪያ ሲለካ 40 ሚሊሜትር ግድም ነው። አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ወገን ተጣምሞ የሚቀር እንደ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ወገን አንጓ ታስሯል።

ዋናው ግን መዳሰስ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የጉንጩንና ከጆሮ በላይ በግንባር ጎን ያለውን ጡንቻ 1 ኪሎ በሚያህል ኀይል ይጫናል፤ ይህንም ጣቱን በሚዛን ላይ ጫን እያደረገ ሊለምደው ይችላል። ከዚያ «አባቴ፥ የሚያውቁት ሕመም ይህ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መመዘኛ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ስፍራ ሰጥቶታል። ጠንክረው ከተጫኑት የማያመው ማን አለ? የሚቆጠረው በሽተኛው ከቤቱ ይዞት የመጣው ሕመም ሲቀሰቀስ ነው።

ይህ ሳይደረግ ጥርስ የሚነቀልበት ጊዜ አለ። የመንጋጋ ጡንቻ ሕመም ወደ ጥርስና ወደ ጆሮ ይዛመታልና፥ ሰውየው ጤነኛ ጥርሱን አስነቅሎ ሕመሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ቆሎ ሲቆረጥም ወይም ሲያዛጋ ሕመሙ የሚብስ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ሌሊት ጥርሱን ያፋጭ እንደ ሆነም አብሮት የሚያድር ሰው ያውቃልና ይጠየቅ። ቀንም ቢሆን ከመብላት ውጭ የላይና የታች ጥርሶች ሊነካኩ አይገባም፤ እኛ ራሳችን ይህን ስንጽፍ ጥርሳችንን ነክሰን ኖሯል።