ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ በሊኑክስ የማይከፈት ፍላሽ የብልሽት ደረጃ አለያየት

መግቢያ

ጦር ኃይሎች የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር የምዕራብ መዳረሻ ነው። በእንዲህ ያለ ብዙ ሰው በሚመላለስበት ሰፈር የመመረቂያ ጽሑፍን በፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት መግባት የተለመደ ነው። ፍላሹ የብዙ ሰው ፍላሽ በሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ኅትመቱ ሲያልቅም አብዛኛውን ጊዜ በአግባቡ ሳይለቀቅ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ በሊኑክስ አልከፈት ሲል ብዙ ተጠቃሚ ቶሎ የሚቸኩለው ወደ ፎርማት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ አንድ ነው፤ ብልሽቱ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ሳይለይና ቅጂ ሳይወሰድ የሚደረግ ጥገና ከብልሽቱ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የብልሽቱ አራት ደረጃዎች

አንድ ፍላሽ ለመከፈት አራት ደረጃዎችን ማለፍ አለበት።

1. የዩኤስቢ ግንኙነት፦ «ኤልኤስ-ዩኤስቢ» የተባለው ትእዛዝ ፍላሹን ካልዘረዘረ፣ ወይም የከርነሉ መዝገብ («ዲ-ሜሴጅ») የስሕተት ቁጥር -71ን ከደጋገመ፣ ችግሩ ያለው በግንኙነቱ እንጂ በፋይሎቹ አይደለም። ማራዘሚያ ገመድን ማስወገድና ሌላ ማስገቢያ መሞከር ይቀድማል።

2. እንደ ማከማቻ መታወቅ፦ «ኤልኤስ-ብሎክ» የፍላሹን መጠን በትክክል ማሳየት አለበት። መጠኑ 0 ከሆነ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ይህንንም ፎርማት አያድነውም።

3. የፋይል ሥርዓቱ መለየት፦ መጠኑ ትክክል ሆኖ «ብሎክ-አይዲ» የፋይል ሥርዓቱን ዓይነት ካላሳየ፣ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ወይም የፋይል ሥርዓቱ መነሻ ክፍል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዓይነቱ ታውቆ «የማይታወቅ የፋይል ሥርዓት» የሚል መልእክት ከመጣ ግን ፍላሹ ጤነኛ፣ የጎደለው ደግሞ የኮምፒውተሩ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ኤክስፋት ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው በ5.4 (እ.ኤ.አ. 2019) ሲሆን፣ በ5.7 (2020) በተሻለ ድራይቨር ተተክቷል። ኤንቲኤፍኤስ-3 የተባለው ድራይቨር የገባው በ5.15 (2021) ነው። ስለዚህ በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ ተጨማሪ ፓኬጅ መጫን ብቻ ሊበቃ ይችላል።

4. ማውንት መደረግ፦ ይህ ፍላሹን ከአንድ ፎልደር ጋር ማያያዝ ነው። በአግባቡ ሳይለቀቅ የተነቀለ ፍላሽ «ያልጸዳ» የሚል ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ የኤንቲኤፍኤስ-3 ድራይቨርም እንዲህ ያለውን ያለ ማስገደጃ ትእዛዝ ማውንት አያደርግም። ፋት-32 ላይ ደግሞ ከርነሉ የተዛባ ነገር ሲያገኝ ፍላሹን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል። «መጻፍ አይቻልም» የሚለው መልእክት በዚህ ጊዜ የቀረውን መረጃ የሚጠብቅ መከላከያ ነው።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ግንኙነቱና መጠኑ ትክክል ከሆኑ፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት «ዲዲ-ሬስኪዩ» በተባለው መሣሪያ የፍላሹ ሙሉ ምስል ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል። ለ32 ጊጋባይት ፍላሽ፣ የያዘው አንድ ሰነድ ብቻ ቢሆንም፣ 32 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የመሣሪያው ስም በተሰካ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ትክክለኛው መሆኑ በመጠኑ መረጋገጥ አለበት።

ቀጣዩ ሥራ በቅጂው ላይ ይካሄዳል። የፋት ሥርዓትን «ኤፍኤስ-ቼክ» በመጀመሪያ ምንም ሳይለውጥ እንዲመረምር ማድረግ ይቻላል። የጠፋ ፓርቲሽንን «ቴስት-ዲስክ» ይፈልጋል። «ፎቶ-ሬክ» ደግሞ ፋይሎችን በይዘታቸው ለይቶ ያወጣል፤ ነገር ግን የቀድሞ ስማቸውንና ፎልደራቸውን አይመልስም። ፈጣን ፎርማት በአመዛኙ ሰንጠረዦቹን ብቻ ስለሚያድስ፣ በስሕተት ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈ ተስፋ አለ።

ጥንቃቄ

ሊኑክስ እንዲጻፍ የታዘዘውን መረጃ በተለመደው ቅንብሩ እስከ 30 ሰከንድ ያህል በራም ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ የመቅጃው ምልክት መሙላቱ መረጃው ፍላሹ ላይ ለመስፈሩ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው ፍላሹ በትእዛዝ መለቀቁ ነው። በቅጂ መካከል መብራት ሲጠፋም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል።

መደምደሚያ

«አልከፈት አለ» የሚለው አንድ ምልክት ቢያንስ አራት የተለያዩ መንስኤዎች አሉት፤ ከእነዚህም በአንዳንዶቹ መረጃው ምንም አልተነካም። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃውን መለየት፣ ቀጥሎ ቅጂ መውሰድ፣ በመጨረሻ መጠገን ተገቢ ነው። ፎርማት የሚመጣው መረጃው ከወጣ፣ ወይም እንደማያስፈልግ ከታወቀ በኋላ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍና የመስክ መረጃም በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም።