ደገኛ ሯጭ በበረሃ ሐሩር

ጉለሌ የሚገኘው በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የወጣ ሰው ባሕር ዛፉን እያቋረጠ እንጦጦ ይደርሳል። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ጧት ጧት ብርዱ አጥንት ይገባል። በዚህ ብርድ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ብዙ ሯጮች ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ልባቸውና ሳንባቸው ይጠነክራል።

ነገር ግን እንጦጦ የማያስተምረው አንድ ነገር አለ። እሱም ሙቀት ነው። ብርድ የለመደ ጉልበተኛ ሰው በረሃ ሲወርድ ምን ይሆናል? እንዴትስ ይዘጋጅ? አብረውት የሚሄዱትስ ምን ያድርጉ? ይህ ትምህርት ስለዚህ ነው።

በዶሃ የታየው

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሮጥ ሩጫ ነው። በ2012 ዓ.ም. የዓለም የአትሌቲክስ ውድድር ኳታር በምትባል የዓረብ አገር፣ በዶሃ ከተማ ተደረገ። የቀኑ ፀሐይ ስለማይቻል የሴቶቹ ማራቶን መስከረም 16 ቀን በእኩለ ሌሊት ተጀመረ። በእኛ አገር የደመራው ሌሊት መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። አየሩም እርጥበት የበዛበት ነበር። ሩጫውን 68 ሴቶች ጀመሩ፤ የጨረሱት ግን 40 ብቻ ናቸው። ሦስቱም ኢትዮጵያውያት አቋርጠው ወጡ። እነዚህ ሴቶች ሰነፎች አልነበሩም። በዓለም ከታወቁት ፈጣን ሯጮች መካከል ናቸው።

ከስምንት ቀን በኋላ ወንዶቹ በዚያው ከተማ፣ እንደዚያው በእኩለ ሌሊት ሮጡ። ያን ሌሊት ሙቀቱም እርጥበቱም ቀለል ብሎ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ሞስነት ገረመው 4 ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። ከዚህ ምን እንማራለን? ጉልበት ብቻውን ሙቀትን አያሸንፍም። አየሩን ማወቅና መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ከማራቶን የሚረዝም የበረሃ ሩጫም አለ። በሞሮኮ፣ በሰሐራ በረሃ፣ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የሚደረግ «የአሸዋ ማራቶን» የሚባል ውድድር አለ። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ ማለት ነው። ሯጮቹ ይህን በበርካታ ቀናት ከፋፍለው ይሮጡታል። ስንቃቸውን በጀርባቸው ይሸከማሉ፤ ውሃ በየጣቢያው ይታደላቸዋል። በ1986 ዓ.ም. ማውሮ ፕሮስፔሪ የተባለ ኢጣሊያዊ ሯጭ በዚህ ውድድር ላይ የአሸዋ ማዕበል መጣበት። ሩጫውን ቀጠለና መንገዱን ሳተ። ከሳምንት በላይ በበረሃ ተንከራቶ አልጄሪያ ምድር ላይ በሕይወት ተገኘ። ስለዚህ አሸዋ ሲነሣ ባሉበት ቆሞ መጠበቅ ነው እንጂ መሮጥ የለም።

ላብ ምን ይሠራል?

የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ሰው ሲሮጥ ጡንቻው እንደ ምድጃ ሙቀት ያወጣል። ገላ ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በላብ ነው። እስቲ የሸክላ እንስራን አስቡ። በእንስራ ያደረ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ውሃው በሸክላው ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣል። ነፋስ ሲያገኘው ይተናል። ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ላብም እንዲሁ ነው።

ላቡ ካልተነነ ግን ገላ አይቀዘቅዝም። በክረምት የታጠበ ልብስ ቶሎ ይደርቃል እንዴ? አይደርቅም። እርጥበት በበዛበት አገርም ላብ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። ደረቅ በረሃ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ ሰውየው ያላበው አይመስለውም። የገላው ውሃ ግን እያለቀ ነው።

ገላን ሙቀት ማስለመድ

ገላ ሙቀትን ይለምዳል። ለመልመድ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የጉለሌ ሯጭ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቆላ ቢወርድ ይበጀዋል። መተሐራና አዋሽ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደሉም፤ ሙቀታቸውም የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይሩጥ። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨምር። ቀኑ በገፋ ቁጥር ላቡ ቶሎ መምጣት ይጀምራል። በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። የልቡም ምት ይረጋጋል። ይህ ልምድ ግን አይዘልቅም። ደጋ ተመልሶ ጥቂት ሳምንት ከተቀመጠ ይጠፋል።

ውሃና ጨው

ሯጭ በሙቀት ውስጥ በአንድ ሰዓት 1 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ልኩን ለማወቅ ከሩጫ በፊትና በኋላ በሚዛን መመዘን ነው። 1 ኪሎ ከቀነሰ 1 ሊትር ያህል ውሃ ጎድሎታል ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ ሽንትን ማየት ይረዳል። ሽንት እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃ ጎድሏል።

ውሃ ማብዛትም አደጋ አለው። ሰው ጨው ሳይቀምስ ውሃ ብቻ በላይ በላዩ ከጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አእምሮው ይደነግዛል፤ ሊሞትም ይችላል። ሮጦ ሲመለስ ክብደቱ የጨመረ ሰው ውሃ አብዝቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሲጠማ መጠጣት፣ ከውሃውም ጋር ጨው ያለበት ምግብ መቅመስ ይገባል። ለተቅማጥ የሚሰጠው «ለምለም» የሚባለው ዱቄትም በገላ ውስጥ የጎደለውን ውሃና ጨው የሚመልስ ነው። እሱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ማንኪያው ልክ ልኩን ይሁን እንጂ አይቆለል።

ልብስ፣ ጫማና ሰዓት

ልብሱ ነጭ፣ ሰፊና ስስ ይሁን። ራስና ማጅራት ይሸፈን። በእርግጥ አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። ያ ሩጫ ግን በከተማ መንገድ ላይ፣ ሙቀቱን ለመሸሽ አመሻሹ ላይ የተደረገ ነበር። የበረሃ አሸዋ እግር ያቃጥላል። እግርም በሙቀት ያብጣል። ስለዚህ ጫማው ትንሽ ሰፋ ያለና አሸዋ የማያስገባ ይሁን።

ሰዓት መምረጥን ከአሞሌ ነጋዴዎች እንማር። ከትግራይ ደጋ ግመል እየነዱ ወደ ዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ የሚወርዱ ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ፣ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። እነሱ ታዲያ ብርድ ባለበት ሰዓት ይጓዛሉ፣ ውሃ ሳይዙ አይነሡም፣ ብቻቸውን አይሄዱም። ሯጭም ልምምዱን በማለዳ ወይም በምሽት ያድርግ። ሙቀት ሊለምድ በቀትር ከወጣ ደግሞ ጓደኛ ይኑረው።

የረዳቱ ሥራ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሯጭ ሕመሙን ይደብቃል። ቢጠይቁት «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ረዳቱ አፉን ሳይሆን ሁኔታውን ይይ። ውሃ ሲያቀብለው ስሙን፣ ያለበትን ቦታ ይጠይቀው። እርጥብ ጨርቅ በማጅራቱ ያድርግለት። ጥላ ያዘጋጅለት።

ሯጩ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ራሱን ከሳተ ሙቀት መትቶታል። የገላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ደቂቃም መባከን የለበትም።

1. ሩጫውን አስቁሙት፤ ጥላ ውስጥ አስገቡት።
2. ልብሱን አውልቁለት።
3. ገላውን በሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ አራግቡለት። ገንዳ ካለ እስከ አንገቱ ንከሩት፤ ራሱን ግን ደግፉት።
4. አእምሮው እስኪመለስ ምንም አታጠጡት፤ ሊያንቀው ይችላል።
5. ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በመንገድም ማቀዝቀዙን አታቋርጡ።

አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መውሰድ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው ሳይቀዘቅዝ መኪና ሲጠበቅ ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

«እኛ ሯጭ አይደለንም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ሙቀት ሯጭና አራሚ አይለይም። ቆላ የወረደ ሠራተኛም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራውን ቀለል ያድርግ። ቀትር ላይ ጥላ ይፈልግ። ውሃና ጨው ይያዝ። ጓደኛው ንግግሩ ሲምታታበት «ደክሞት ነው» ብሎ አይለፈው። በዶሃ አቋርጠው የወጡት ሴቶች በሕይወት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በጊዜ ማቆም ሽንፈት አይደለም፤ ሌላ ቀን ለመሮጥ መትረፍ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ላብ ካልደረቀ ገላ ለምን አይቀዘቅዝም? በእንስራ ምሳሌ አስረዱ።
2. ገላ ሙቀትን ለመልመድ ስንት ቀን ይፈልጋል?
3. ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ምን ጉዳት አለው?
4. ሙቀት የመታውን ሰው በመጀመሪያ ምን ታደርጉለታላችሁ?
5. ከአካባቢያችሁ ቆላ ወርዶ የሠራ ሰው አለ? እንዴት ሙቀቱን እንደቻለ ጠይቁትና ለጓደኞቻችሁ ጽፋችሁ አንብቡ።