እናቴ ታማለች፣ እህቴ ልትወልድ ነው

«ውድ አማካሪ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው። ታናሽ እህቴ ጀርመን አገር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ልታርሳት የነበረችው እናታችን ነበረች። እናታችን ግን ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ዲያሊሲስ ታደርጋለች፤ አንድ ቀን ትበረታለች፣ አንድ ቀን ታስፈራናለች። በእሷ ፈንታ እኔ እንድሄድ ተወሰነ። የቲኬቱን ገንዘብ ያጠራቀምኩት በስንት መከራ ነው፤ እናቴ ቢብስባትስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ቲኬት ቢሮ ያለች ልጅ ‹ስረዛም የሚሸፍን ኢንሹራንስ ግዢ፤ የእናትሽን ነገር ግን አታንሺ› አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹እናትሽ አልጋ ላይ ሆና ስለ ገንዘብ ታስቢያለሽ?› ብሎ ተቆጣኝ። እርስዎ ምን ይሉኛል? ልቧ ለሁለት የተከፈለ፣ ከባህል አዳራሽ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ የወንድምሽን ልመልስ። ስለ ገንዘብ ማሰብሽ ነውር አይደለም። ቲኬቱ ቢቃጠል ለሚቀጥለው ወር ዲያሊሲስ የሚቆረሰው ከዚያው ከአንድ ኪስ ነው። ወንድምሽም ይህን ያውቃል፤ ያናገረው ድንጋጤው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተምታቱብሽ ይመስላል። ለቪዛ ስታመለክቺ የጀርመን ኤምባሲ የሚጠይቅሽ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ እንደሚለው ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች መሥራት፣ የምትቆዪበትንም ጊዜ ሁሉ መያዝ አለበት። የሚሸፍነው ግን አንቺን ነው፦ እዚያ ድንገት ብትታመሚ፣ ሆስፒታል ብትገቢ፣ እግዜር አያድርገውና ብትሞቺ አስከሬንሽን ለመመለስ። የእናትሽ ኩላሊት እዚህ ውስጥ የለበትም። ያለ እሱ ቪዛ ስለማይሰጥሽ ግዢው፤ እናቴ ቢብስባትስ ለሚለው ጭንቀትሽ ግን መልስ አይሆንሽም።

ልጅቷ የነገረችሽ ሌላኛው ነው፤ ጉዞ ሲሰረዝ ወይም መሀል ላይ ሲቋረጥ የሚከፍለው። እሱም የቅርብ ዘመድ ድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት ይከፍላል ይባላል። «ድንገት» የምትለዋን አጥብቀሽ ያዢ። እናቱ እያጣጣረች ሳለ እድር ልግባ ብሎ የመጣን ሰው የእድሩ ዳኛ ምን ይለዋል? ኢንሹራንስም እንደዚያው ነው። ፖሊሲው በተገዛበት ቀን የታወቀ፣ ሕክምና ላይ ያለ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋን ውጪ ነው። በእንግሊዝ አገር ሻጮቹ የመንገደኛውን ብቻ ሳይሆን አብሮ የማይሄደውን የቅርብ ዘመድ ጤንነትም የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

«አታንሺ» የሚለውን ምክር አልወደድኩትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ሆን ብሎ ለመድን ሰጪው እውነቱን የደበቀ ሰው ውሉ ዋጋ እንደሚያጣበት ይደነግጋል። ካሳ ስትጠይቂ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ይሉሻል፤ ወረቀቱ ላይ ዲያሊሲስ የተጀመረበት ቀን ተጽፏል። ሽፋኑን መግዛት ካማረሽ ሁኔታዋን በግልጽ ንገሪያቸውና «እናቴ ቢብስባት ትከፍላላችሁ?» ብለሽ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል «ችግር የለም» የሚል ሻጭ ሞልቷል።

እኔ ብሆን ለዚህ ሽፋን የሚከፈለውን ገንዘብ ቲኬቱ ላይ እጨምረው ነበር። ርካሹ ቲኬት ብዙ ጊዜ የማይመለስ ነው፤ ትንሽ ወደድ ያለው ቀን ለመቀየር ይፈቅዳል። ከመክፈልሽ በፊት ቀን ብቀይር ስንት፣ ባልሄድስ ስንት ይመለስልኛል ብለሽ ጠይቂ። ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት አትቁረጪ፤ ለማመልከቻው ቦታ ማስያዣው ይበቃል። የቪዛው 90 ዩሮ ግን ቢከለከልም አይመለስም። ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ ይዘሽ ለእናትሽ ብለሽ ብትመለሺ፣ ዳግመኛ ወደ እህትሽ መሄድ አትችዪም። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ይሰጡ እንደሆነ ከማመልከትሽ በፊት ጠይቂ፤ ላይሰጡም ይችላሉ።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው፣ ሐኪሟን «ትድናለች?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ምን ትጠብቃላችሁ?» በይ። ከዚያ እናትሽን እራሷን። ዲያሊሲስ የሚያደክም ስለሆነ በማግስቱ፣ ስትበረታ፣ ብቻዋን ይዘሻት ጠይቂ። ቤተሰብ ስለ በሽተኛ ይወስናል፣ በሽተኛው የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ልታርሳት የነበረችው እሷ ናት፤ «ሂጂልኝ» ልትል ትችላለች፣ «አትሂጂ» ማለትም መብቷ ነው። «ሂጂ» ካለች ሦስት ወር ሙሉ ሳይሆን አንድ ወር ገደማ አስቢ፤ ወደ ዲያሊሲስ የሚያመላልሳት ማን እንደሆነም በስም ይታወቅ።

ከወንድምሽ ጋር ደግሞ ክፉውን ቀን ተነጋገሩ፤ መናገሩ አይጠራውም። ቀብር እኛ ዘንድ ብዙም አያድርም። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል። መቀመጫ ከተገኘ በአንድ ቀን ትደርሻለሽ፤ እድሩ አንድ ቀን ይጠብቅሽ እንደሆነ ወንድምሽ ከአሁኑ ይጠይቅ። «ትንሽ አሟታል፣ ነይ» የሚለውን የተለመደ መርዶ ትፈልጊ እንደሆነ ወይም እውነቱን በስልክ ትሰሚ እንደሆነ አንቺው ምረጪ።

እህትሽ አራስ ሆና ብትገኝ ነገሩ ይከብዳል። አንቺ ሻንጣሽን ስታስሪ ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ለአራስ መርዶ መንገር ደግሞ ማንም አይደፍርም። ስለዚህ ሳትሄጂ በፊት ባሏን አነጋግሪው፦ የሚነግራት ማን እንደሆነ፣ አንቺ ብትመለሺ እዚያው ካሉ ሐበሾች መካከል ገንፎውን የምታገነፋላት ሴት ማን እንደሆነች ከወዲሁ ተስማሙ።